ዝንጀሮው የተቀመጠበት ቆዳ

ነብሩን ወድጄው አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ በነብር ምክንያት የታሰርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ አንዳንዱ ሴትዮዋ ለአውሬ የምታዝን የዋህ ናት ብሎ እንዳይገምተኝ ነው። የዋህ አይደለሁም። ያ ነብር ቦራ የሚባለውን ውሻዬን ከደጄ ላይ አንቆ ወስዶብኛል። ባሌ ፈይሳ በሞተ በዓመቱ ነበር። ቦራን ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገው ፈይሳ ስለነበር ሁለተኛ ለቅሶ የተቀመጥኩ ያህል አዘንኩ፤ ነብሩንም በየቀኑ እረግመው ነበር።

መሬቴ ከጉደር በስተምዕራብ፣ ቂልጡ የሚባል ቁልቁለት ላይ ነው። ከማሳዬ ግርጌ ዛፍና እሾህ የሞላው ሸለቆ አለ፤ ከሸለቆው ማዶ ገደል። ነብሩ ሸለቆው ውስጥ፣ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ ላይ፣ እኛ ደግሞ ከሸለቆው ወዲህ እንኖር ነበር። አግብቼ ወደ ቂልጡ ከመጣሁ ጀምሮ ባሉት ሃያ ሁለት ዓመታት አንድም ዝንጀሮ ሸለቆውን ተሻግሮ በቆሏችንን ሲበላ አላየሁም። ምክንያቱን የጠየቀን ሰው ቢኖር ወንዶቹ ሁሉ ደረታቸውን ነፍተው ማማቸውን ያሳዩት ነበር። በቆሎው እሸት ሲይዝ እያንዳንዱ ቤት ማሳው መሀል አራት እንጨት ይተክልና ከላዩ መቀመጫ ይሠራል፤ ወንዶቹ በተራ እየወጡ ወንጭፍ ያስጮኻሉ። ፈይሳ ወንጭፉን ባስጮኸ ቁጥር ማዶ ያለው ዝንጀሮ ሁሉ ድምፁን ለይቶ የሚሸሸው ይመስለው ነበር። ማታ እራት ላይ ሳይቀር ያወራልኛል።

እኔም አምኜው ነበር። ሁላችንም ዝንጀሮውን የከለከልነው እኛ ነን ብለን አምነን ነበር። ስህተታችን ይሄ ነው፤ ሌላው ጣጣ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ጥር ላይ መንደር ምሥረታ መጣ። ቤታችሁን አፍርሱና ሜዳው ላይ በመስመር ሥሩ ተባልን። ጣሪያውን በሸክም፣ ምሰሶውን በበሬ እያስጎተትን ወረድን። አዲሱ መንደር ከማሳዬ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ቤቶቹ በገመድ ተለክተው የቆሙ ናቸው፤ ከበሩ ላይ የቆመ ሰው ሃያ በር ያያል፣ ሃያውም በር እሱን ያየዋል። ቂልጡ ላይ የተውናቸው ጓሮዎች ግን ክረምትም ሳይጠብቁ በሳማና በቁጥቋጦ ተዋጡ። ፈይሳ በእጁ የቆፈረው የእህል ጉድጓዴም ባዶውን አፉን ከፍቶ ቀረ።

ነብሩም ግራ ገባው መሰለኝ። በየዳገቱ ተበታትኖ የለመደው ውሻና ጥጃ ድንገት ከዓይኑ ሲጠፋ ተከትሎን ወደ ሜዳው ወረደ። መጋቢት ላይ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር የሆርዶፋን ጥጃ ከነገመዱ ወሰደ።

ሆርዶፋን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ በአንድ የጸሎት ቤት መዝሙር የዘመርን እኩዮች ነን። ያ የጸሎት ቤት ታሽጎ ቆይቶ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ከመድረኩ የሚናገረው ሰው እሱ ሆነ። ክፉ ነበር ብዬ አልዋሽበትም። ሰው ሲፈራው ደስ የሚለው ሰው ነበር። ጥጃው በተበላ ማግስት ስብሰባ ጠራና፣ ነብሩ ሰፋሪውን ተስፋ አስቆርጦ ወደ ድሮ ቦታው ለመመለስ የሚሠራ ነው አለ። ነብር እንዲህ ዓይነት ዓላማ ይኖረው እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ስብሰባ ላይ አይጠየቅም።

ተሻለ የሚባለው የግብርና ሠራተኛ ከአምቦ በቆርቆሮ ነጭ የዱቄት መርዝ ይዞ መጣ። ከሲታ፣ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል፣ ሁልጊዜ ደብተር የሚይዝ ጎልማሳ ነው። መርዙ ሥጋ ላይ እንደሚነሰነስ አስረዳ። ያን ጊዜ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ንብ አናቢው ኦቦ ፉፋ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ቄራንሳን ካጠፋችሁት ጀልዴሳውን ማን ይይዝላችኋል?» አሉ። ነብሩን ካጠፋችሁ ዝንጀሮውን ማን ይከለክለዋል ማለታቸው ነው።

ወንዶቹ ሳቁባቸው። ማማ ያለው፣ ወንጭፍ ያለው ሕዝብ ዝንጀሮ ይፈራል ወይ አሏቸው። ኦቦ ፉፋም ተቀመጡ። ቀጥሎ ሆርዶፋ ለመርዙ ፍየል የሚሰጥ ማነው ብሎ ሲጠይቅ እጅ የወጣው አንድ ብቻ ነበር። የእኔ ነበር። ስለ ቦራ ብዬ ነበር፤ እንደዚያን ቀን እጄን ቀና አድርጌ አውጥቼ አላውቅም።

ነብሩ በሦስተኛው ቀን ወንዙ ዳር ሞቶ ተገኘ። ግን ብቻውን አልሞተም። ሁለት ጅብ፣ አራት ቀበሮ፣ ያልቆጠርናቸው ጥንብ አንሳዎች በየቁጥቋጦው ሥር ወድቀው ነበር። ተሻለ አንድ በአንድ እየዞረ በደብተሩ ጻፈ፤ ፊቱ ልክ አልነበረም። ሆርዶፋ ግን ነብሩን አስገፍፎ ቆዳውን ድሮ መስቀል በተሰቀለበት የጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በወሩ መንደሩ ዳር አንዲት አህያ ሞተች። ቀድሞ ቢሆን በአንድ ሌሊት አጥንቷ ይቀር ነበር። ያኔ ግን የሚበላት ጠፍቶ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሸተተች፤ በመጨረሻ ወንዶቹ አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው ቀበሯት። ያን ጊዜ ደስታዬ ትንሽ ቀዘቀዘ።

ግንቦት ላይ በቆሎ ዘራሁ። ነሐሴ ላይ እሸት ያዘ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ማሳዬ ስደርስ ሦስት ዝንጀሮዎች ግርጌው ላይ ተቀምጠው አየሁ። አልበሉም፤ ወደ ሸለቆው እየዞሩ ያያሉ፣ ትንሽ ይጠጋሉ፣ እንደገና ያያሉ። የሚጠብቁት ነገር ሳይመጣ ሲቀር አንደኛው አንድ እሸት ቀጥፎ ቀመሰ። በማግስቱ አርባ ሆነው መጡ።

ወንዶቹ ማማቸው ላይ የሉም። ገሚሱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል፤ የቀረው መንገድ ሥራና የአምራቾች ማኅበር እርሻ ላይ በግዳጅ ይውላል። ጥበቃው የሴት ሆነ። የእኛ አገር ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ዝንጀሮ ሴትን አይፈራም። ቀሚስ ካየ ጀርባውን ሰጥቶ ይበላል። እኔ ማማው ላይ ቆሜ ወንጭፍ ሳስጮኽ አውራው፣ ጋማው ትከሻው ላይ የተንዠረገገው ትልቁ ዝንጀሮ፣ ቀና ብሎ አይቶኝ ማኘኩን ቀጠለ። ተናደድኩ። በነጋታው የፈይሳን ካፖርትና ባርኔጣ፣ ከሥር ሱሪውን ሳይቀር ለብሼ ወጣሁ። ሁለት ቀን ሸሹኝ። በሦስተኛው ቀን አውራው አካሄዴን አየና አወቀኝ። ከዚያ በኋላ ካፖርቱ ያተረፈልኝ ላብ ብቻ ነበር።

ቢያንስ እየበሉ ቢሆን ባልከፋኝ። አንዱን ገምጠው ይጥላሉ፣ ሌላውን ይሰብራሉ፣ ግልገሎቹ አገዳ ላይ ይጫወታሉ። ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ድንጋይ እየገለበጡ የቆቅ እንቁላል ለቀሙ፤ ጠዋት ጠዋት የምሰማው የቆቅ ጩኸት ጠፋ። ቀበሮዎቹም ስለሌሉ አይጡ ከሥር እየቆረጠ ይጥላል። አንድ ነብር ስንገድል ምን ያህል በር እንደከፈትን የገባኝ ያኔ ነው።

ሆርዶፋ ጳጉሜን ላይ ስብሰባ ጠራ። እስከ ኅዳር አዝመራውን ያላስገባ ሰው መሬቱን ማልማት ያልቻለ ይባላል፤ መሬቱም ወደ አምራቾች ማኅበር ይዞራል አለ። የቂልጡ ቁልቁለት ውኃ ቅርብ ስለሆነ ማኅበሩ ከጅምሩ ዓይኑን ጥሎበት ነበር። ማኅበሩ ወሰደው ማለት እኔ የገዛ መሬቴ ላይ ደወል ሲደወል ገብቼ ደወል ሲደወል የምወጣ ሠራተኛ ሆንኩ ማለት ነው። ፈይሳ ያን ማሳ ድንጋዩን አሥራ አንድ ዓመት ለቅሞ ነው ያጸዳው። የለቀመው ድንጋይ ዛሬም በዳሩ ተቆልሏል። ከባሌ የቀረኝ እሱ ነው፤ ልጅ አልሰጠንም። ስለዚህ በቆሎው ከጠፋ ሁሉ ነገር ጠፋ።

ከስብሰባው በኋላ ተሻለ ወደ ሆርዶፋ ጠጋ ብሎ አንድ ሐሳብ አቀረበ። የነብሩን ቆዳ ማማው ላይ ብንሰቅለው ዝንጀሮዎቹ ይሸሹ ይሆናል አለ። ሆርዶፋ ወደደው፤ የነብሩ ዘመቻ ማሳ ጠበቀ የሚያሰኝ ነገር ነው። በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ተከትሎን ወጣ። ቆዳውን በዱላ ወጥረን ማሳዬ ላይ ስንሰቅለው ማዶ ገደሉ ላይ ጩኸት ተነሣ፤ ዝንጀሮው ሁሉ ልጁን አቅፎ ወደ ላይ ሮጠ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር እኔም አጨበጨብኩ። ኦቦ ፉፋ ብቻ ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ገደሉን ያዩ ነበር።

አራት ቀን ማሳዬ ሰላም ሆነ። በዚያው ሰሞን፣ የአብዮት በዓል ባለፈ በማግስቱ፣ ከአውራጃ አንድ ኃላፊ በላንድሮቨር መጣ። ቆዳውን ቀድሞ ጽሕፈት ቤት አይቶት ወዶት ኖሮ ሆርዶፋ በስጦታ ሊሰጠው ቃል ገብቶለታል። ከመስጠቱ በፊት ግን ሥራ ላይ እንዳለ ሊያሳየው ፈለገ። ኃላፊው፣ ሆርዶፋ፣ ተሻለ፣ እኔና ሌላ ሠላሳ የሚሆን ሰው ቁልቁለቱን ይዘን ወረድን። ሆርዶፋ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ ሳይንስና የሕዝብ ትግል ሲተባበሩ እንዲህ ነው ይላል።

ማሳው ዳር ስንደርስ ሁላችንም ባንድ ጊዜ ቆምን። ቆዳው ከማማው ወርዶ መሬት ላይ ተነጥፏል። አውራው ዝንጀሮ መሀሉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ የእኔን እሸት ይግጣል። አንድ ግልገል የነብሩን ጅራት ይዞ ይጎትታል። ሌላው ጆሮውን ገንጥሎ ያኝካል። ሠላሳ ሰው ሲያያቸው ቀስ ብለው ተነሡ፤ አውራው የጨረሰውን ቆረቆንዳ ቆዳው ላይ ጥሎ ሄደ።

ሁሉም ወደ ሆርዶፋ ዞሮ አየ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ልይዘው ሞከርኩ፤ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ፤ አልሆነም። ማሳዬ እያለቀ፣ መሬቴ እየተወሰደ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ጀመረች፣ ቀጥሎ ሌላዋ። የሆርዶፋ አንገት ሲቀላ አየሁ። አራት ቀን ያልተንቀሳቀሰ፣ ያልሸተተ፣ አንዳቸውንም ያልበላ ነብር እንደማይበላ ዝንጀሮዎቹ ደርሰውበታል። እኔም የዚያን ቀን ስለ ዝንጀሮ ብቻ አልነበረም የደረስኩበት። ዓመቱን ሙሉ ስንፈራው የኖርነው ሰው አንገቱ ቀልቶ እንደ ማንኛችንም ቆሞ ነበር።

ኃላፊው ወደ መኪናው ሲመለስ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ የተቀደደ ቆዳ አልፈልግም አለ።

በዚያው ሳምንት ኦቦ ፉፋ ቤቴ ድረስ መጥተው ቀፎ የሚሰቅሉበት ቦታ ወሰዱኝ። ወንዙ ዳር እርጥብ አሸዋ ላይ ዱካ አሳዩኝ። ነብር ነው፤ ግን ከሟቹ ያነሰ ነው።

«ሴት ናት፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ከታች ከቆላው መጣች። ቦታው ባዶ መሆኑን ሰምታለች።»

እኛ ያየነውን ዱካ ሌላም ሰው አይቶት ኖሯል። በሦስተኛው ቀን ሆርዶፋ ቤቴ ድረስ መጣ። ለኃላፊው ሌላ ቆዳ ያስፈልጋል፣ የመጀመሪያውን ፍየል በፈቃድሽ ሰጥተሽ አርአያ ሆነሻል፣ አሁንም ስጪ አለኝ። አልሰጥም አልኩት። በደንብ አስቢበት አለ። አስቤበታለሁ አልኩ፤ ባለፈው ነው ሳላስብ የሰጠሁት። እሱም የሌላ ሰው ፍየል አሳረደ።

መርዝ የተነሰነሰበትን ሥጋ ሸለቆው አፍ ላይ፣ ከማሳዬ ግርጌ አስቀመጡት። እኔም በጠራራ ፀሐይ ዶማዬን፣ ጠፍርና የማዳበሪያ ላስቲክ ይዤ ወረድኩ። ተደብቄ ላደርገው እችል ነበር። ነገር ግን ተደብቄ ካደረግሁት ጅብ ጎተተው ይባልና ሌላ ያስቀምጣሉ። እጄን በላስቲክ ጠቅልዬ የፍየሉን እግር በጠፍር አስሬ መጎተት ጀመርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ቀና ስል ተሻለ ደብተሩን ይዞ ቆሟል። ሥጋው መነካቱን እንዲያይ ተልኮ ነው። ጠፍሩን ግን አልለቀቅሁም።

ተሻለ እኔን አየ፤ ሥጋውን አየ። ከዚያ እንደ ልማዱ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ከምንጩ ያርቁት፣ አዴ ድንቅቱ» አለኝ። «ድንጋይም ይጫኑበት፤ ቀበሮ ቆፍሮ ያወጣዋል።»

«ቀበሮ መቼ ተረፈና» አልኩት።

ደብተሩን ዘግቶ ሄደ። ሥጋውን አሮጌው ግቢዬ ድረስ ጎትቼ ፈይሳ በቆፈረው ባዶ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት፤ አፈር መለስኩበት፣ ከዳር ከተቆለለው የባሌ ድንጋይም የቻልኩትን ያህል ጫንኩበት። ጨርሼ ስነሣ ወገቤ አልቀና አለኝ።

ስብሰባው በማግስቱ ነበር። ሆርዶፋ ሥጋው ተሰርቋል፣ ይህ የፀረ ሕዝብ ሥራ ነው፣ ጥፋተኛው ይጣራል ብሎ ሲጀምር ተነሣሁ። ፈርቼ ነበር፤ አልፈራሁም ብል ውሸት ነው።

«ፈልጋችሁ አትድከሙ» አልኩ። «የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አለ ሆርዶፋ።

«የመጀመሪያዋን ፍየል የሰጠሁት እኔ ስለሆንኩ።»

ለአውሬ ወግነሽ ሕዝብ ላይ ተነሥተሻል ማለት ነው ወይ አለኝ። እኔም ድሮ መዝሙር የዘመርንበትን መድረክ እያየሁ መለስኩለት።

«የወገንኩት ለበቆሎዬ ነው። ነብር በዓመት አንድ ውሻ ይወስድብኛል፤ አንተ መሬቴን ነው የምትወስደው። ሁለታችሁን ሳመዛዝን የሷ ቀለለኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁለት ታጣቂዎች ይዘውኝ ጉደር ወረዱ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰርኩ። ጠያቂው የየትኛው ድርጅት አባል ነሽ ሲለኝ የሴቶች ማኅበር አልኩት። ማን ላከሽ ሲለኝ ዝንጀሮዎቹ አልኩት፤ በጥፊ መታኝ። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም። በየቀኑ የማስበው በቆሎዬን ነበር፤ ማን ማማው ላይ ቆሟል፣ ስንት አገዳ ቀርቷል እያልኩ። የፈቱኝ ንጹሕ ነሽ ብለው አይደለም። ጉዳዩ በወረቀት ይጻፍ ከተባለ ቆዳውም፣ ስጦታውም፣ ቆዳው ላይ የተቀመጠው ዝንጀሮም አብረው ሊጻፉ ነው። አውራጃ ያለው ኃላፊ ያንን አልፈለገም ተባለ። በማስጠንቀቂያ ለቀቁኝ።

መንደር ስደርስ ቤቴ አልገባሁም። ኦቦ ፉፋ መንገድ ላይ ጠብቀውኝ ቀጥታ ወደ ቂልጡ ወጣን። ስንቃረብ ባዶ ማሳ ማየቱን ፈራሁ። ዳገቱን ስንጨርስ ግን ማማዬ ላይ የሰው ካፖርት አየሁ። ሽታዬ የምትባለው ጎረቤቴ ናት፤ የባሏን ካፖርት ለብሳ ወንጭፍ ይዛለች። አሥራ አንድ ሴቶች በተራ ሲጠብቁልኝ ሰንብተዋል፤ ሁሉም በባል ካፖርት። አለቀስኩ። እስር ቤት አንድ ቀን አላለቀስኩም፤ እዚያ ግን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

የግርጌው እርሻ ግማሽ ያህሉ ጠፍቷል። የላዩ ቆሟል፤ ደርቆ ቢጫ ሆኖ፣ በነፋስ እየተንኳኳ ቆሟል። ሴቶቹ ናቸው ያዳኑልኝ ብዬ ልናገር ስል ሽታዬ ራሷ ሣቀች። እኛን መቼ ይፈሩና አለች፤ እጇንም ወደ ሸለቆው ዘረጋች። ከሸለቆው ዳር ያለው ትልቁ ዋንዛ ላይ፣ ሁለት ቅርንጫፍ መሀል፣ ግማሹ የተበላ ዝንጀሮ ደርቆ ተንጠልጥሏል። ሥጋውን በቀበርኩ በስድስተኛው ቀን ነብሯ በጠራራ ፀሐይ አገኘችው አለችኝ፤ ወሬው በሙሉ ማዶ ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም እየፈሩ። ከእንግዲህ መርዝ እንዳይቀመጥ ሆርዶፋን ምን ከለከለው ብዬ ጠየቅሁ። ሆርዶፋ ሌላ መርዝ ሲጠይቅ ተሻለ አልቋል አለው። ኦቦ ፉፋ ግን ተሻለ ግማሽ ቆርቆሮ የሚሆን ነገር ከመንደሩ ርቆ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ሲቀብር አይተውታል። ያ ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ሰው ለካ እንዲህም ይችላል።

ኅዳር ላይ ሆርዶፋ የመለኪያ ገመድ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ማሳዬ መጣ። በቆሎውን ሸልቅቄ ከማማው ሥር ከምሬዋለሁ፤ ቁመቱ ደረቴ ይደርሳል። የአምራቾች ማኅበር እርሻ ከሸለቆው በታች፣ ዛፉ ተመንጥሮ ባለቀበት በኩል ነው። እዚያ ነብሯ የምትሸሸግበት ስለሌለ ዝንጀሮው አገዳውን እንኳ አልተወም። ሆርዶፋ ክምሩን ዞሮ አየው፤ አንዱን ዘለላ አንሥቶ በእጁ መዘነው።

«ማን ጠበቀልሽ?» አለኝ።

«የአሥራ አንዱን ስም ልነግርህ እችላለሁ» አልኩት። «የአሥራ ሁለተኛዋን ዱካዋን እይ።»

ዘለላውን ከነበረበት መልሶ አስቀመጠ። ሰዎቹን ገመዱን ጠቅልሉ አላቸው። ስብሰባ ላይ ስህተት ነበር ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ መርዝ የሚል ቃል ግን ከዚያ በኋላ ከአፉ አልወጣም።

በ1982 መጋቢት መመሪያው ሲለወጥ፣ ሰው የፈለገበት መኖር ይችላል የተባለ ዕለት፣ ማንንም ሳልጠብቅ ጣሪያዬን ማፍረስ ጀመርኩ። ከሁሉ ቀድሜ ወደ ቂልጡ የተመለስኩት እኔ ነኝ። ፈይሳ የቆፈረውን ጉድጓድ ግን ዛሬም አልከፈትኩትም፤ በአጠገቡ ሌላ ቆፍሬያለሁ። ጉደር ገበያ ወርጄ አንድ ቡችላ አመጣሁ። በሁለተኛው ወር ነብሯ ከደጄ ላይ ወሰደችው። ወጥቼ ወደ ሸለቆው ቆሜ፣ ስለ አንቺ ብዬ ታስሬ፣ በጥፊ ተመትቼ ብዬ እስኪደክመኝ ረገምኳት። ነግቶ ስመለከት ዝንጀሮዎቹ ማዶ ገደላቸው ላይ ተኮራምተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድም ወዲህ ያለ የለም። ቆቆቹ ታች ይጮኻሉ።

ሌላ ቡችላ አመጣሁ። ስሙን ቦራ አልኩት፤ ማታ ማታ ቤት አስገብቼ በሩን በሁለት መወርወሪያ እዘጋለሁ። እንድትኖር ፈቅጄላታለሁ። ውሻዬን ግን አልፈቀድኩላትም።